የጣት ስፋት

ካርሜሎ፣ ኡራጓይ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
የኦሜሮ ጋራዥ፣ ግማሽ ጣራው ሄዶ፣
ክሪክ ላይ ቆማለች የሟች አባት ፊያት፤
ሁለት እህትማማች፣ ከግራና ከቀኝ፣ ሳይተያዩ ሲያዩዋት።
ኒልዳ መንዳት አምሯት፣ ቴሬሲታ መሸጥ፤
እኔ ተለማማጅ ነኝ፤ ሥራዬ ቁጢጥ ብሎ የሲባጎ ጫፍ መጨበጥ።

«ግራ ስትታጠፍ ትጮሃለች» አለች ኒልዳ በለሆሳስ፣
«ጎማው ከፓራፋንጎው ጫፍ ሲፋተግ፣ ሲላስ።»
ታናሿ መለሰች፣ ፊቷን ሳታዞር፦
«አባባ በነበረ ጊዜ አትጮህም ነበር።»
ኦሜሮ ሳቀና፦ «አባታችሁማ
ግራ መታጠፍ ከተወ ሰባት ዓመቱ ነበር፤
በቀኝ በቀኝ ዞሮ ነው የሚደርስ ከተማ።»

ሰፋፊ ጎማ ነው ያሰረላት ሽማግሌው፣
ከፒካፕ የወለቀ፣ ርካሽ፣ ለሷ የማይሆነው።
ልክ እንደ ሰው ጫማ።

ከተማ መሐል አለ የጨረር መሣሪያ፤
ኮምፒውተሩ ግን አያውቃትም፣ መዝገቡ ላይ የላትም መለያ።
ስለዚህ ጠመኔ፣ ስለዚህ ሲባጎ፣
መዶሻም ካስፈለገ፣ ለፓራፋንጎ።

ኦሜሮ ሲባጎውን ከእጄ ወሰደና
«ለማቴ ውሃ ጣድ» አለኝ፤ የያዝነውን ሳንጨርስ ገና።
አንዱን ጫፍ ለኒልዳ፣ አንዱን ለቴሬሲታ፤
ተንበረከኩ ሁለቱም፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ዘይት በጠጣው ቦታ።
ሲባጎ ላልቶ አይለካም፤ መሳብ አለበት ከሁለት ወገን፤
ከቀብሩ ወዲህ አንድ ነገር አብረው ሲይዙ
የመጀመሪያው ይኼ ይሆን?

«ከፊት መቶ ሃያ አራት፤ ከኋላ ሃያ ሦስት።»
«አንዱ ጎማ ወንዙን ያያል፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያኑን፤
ምን መንገድ ነው ይኼ፣ ለሁለት ሲጎተት?»

«እኩል አድርጋቸው በቃ» አለች ቴሬሲታ።
ኦሜሮ የመሪውን ዘንግ ቡሎን ፈታ፤
«ቆመው እኩል ከሆኑ፣ ሲሄዱ ይለያያሉ፤
መንገድ ራሱ ይከፍታቸዋል። ስለዚህ ከፊት ጥቂት ይቀራረባሉ፤
ሦስት ሚሊሜትር። ከዚያ ካለፈ ደግሞ ይበላላሉ።»
«ከፓራፋንጎውስ?»
«እዚያማ በመሐል ጣት ማለፍ አለበት፤
ጣት ካላለፈ፣ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ይጮሃል ብረት።»

እንጨት ደግፎ፣ በመዶሻ፣ የፓራፋንጎውን ከንፈር አጠፈ፤
ሽማግሌው በብሩሽ የቀባው ሰማያዊ ቀለም ጥቂት ረገፈ።
ቴሬሲታ ጎንበስ ብላ ቅርፊቱን ለቀመች፤
ኪሷ ከተተች።

ከዚያ ኒልዳ ነዳች። እኔ ኋላ ወንበር።
ታናሿ መስኮቱን ከፍታ ጆሮዋን ወደ ጎማው አዘንብላ ነበር።
ከድልድዩ ራስ ላይ ግራ። ሙሉ ግራ።
ምንም አልጮኸ። እነሱም አንዳቸው ቃል አላወራ።
ማርሽ ስትቀይር ክርን ከክርን ሊነካካ ደረሰ፤
አልተነካካም፤ ተመለሰ።

ስለ መሸጥ ያነሳ የለም። ወይ እኔ አልሰማሁ ይሆናል።
ስንመለስ የጣድኩት ውሃ ደርቆ፣ ማንቆርቆሪያው ግሎ፣
ጋራዡን ጭስ ሞልቶታል፤
ኦሜሮ ይሳደባል።