ውሃ የጠገበ

ይርሳው አጎቴ ነው፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ
ታንኳውን ከጣና ያወጣል እንዲደርቅ።
«ደንገል ውሃ ጠግቦ ይበሰብሳል» ይላል፣
የላላውን ገመድ በጥርሱ ያጠብቃል።

አምና ባሕር ዳር ላይ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ግፊት ስትለካ ነርሲቱ ያለ ብር፣
«ክንድህን» ብትለው፣ አሳያት ቀዘፋ፤
«ሥራ አለብኝ» ብሎ ቄጠማው ውስጥ ጠፋ።

ዘንድሮ እግሩ አበጠ፣ ውሃ አዘለ ገላው፤
ግፊቱ ነው አሉን፣ ኩላሊቱን የበላው።
በሳምንት ሁለቴ ደሙ ይታጠባል፤
በሬው ቀድሞ ሄደ፣ ቆርቆሮው ይከተላል።
«ሳልታመም ልክፈል ወይ?» ያለ ለመድኅኑ፣
ደረሰኝ ሲቆጥር ይመሽበታል ቀኑ።

ትናንት ለብቻዬ ታንኳውን ሳወጣ
ውሃ ጠግቦ ኖሮ ክብደቱ ልክ አጣ።
ወደ ዋርካው ሄድኩኝ፤
እጅጌዬን ሰብስቤ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ፣
ነርሲቱ እስክትመጣ።