ጠርዙን አይቼ

ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ሸጫለሁ፣
አንዱንም ጀምሬ አልጨረስኩም፤ አምናለሁ።
ግን የትኛው አንባቢ የት ላይ እንደ ደከመ፣
የማን እርሳስ የት ገጽ ላይ እንደ ቆመ፣
ከሽፋኑ ሳይሆን ከጠርዙ አነባለሁ።

አውራ ጣት አይዋሽም።
የተነበበ ገጽ ዳር ዳሩ ይጠቁራል፣
ያልተነበበው እንደ ሕፃን ጥርስ ይነጣል።

ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
እዚህ ፑኔ፣ አውቶቡስ ጣቢያው ጥግ፣ ከላስቲክ ጣራዬ ጋራ፣
ይመጣሉ ልጆች በባጃጅ ተጋፍተው፣
ለንግድ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መጽሐፍ ሽተው።
የሁሉም ጥያቄ አንድ፦ «የትኛው ያሳልፋል?»
የኔም መልስ አንድ፦ «ወንድሜ፣ የሚያሳልፍ ድልድይ ነው፤
መጽሐፍማ ይከብዳል።»

ደግሞም ዐይን አዋጅ ነው የኔ መደርደሪያ፤
አንዱ «በሠላሳ ቀን!» የሚል፣ ሽፋኑ ሙሉ ማስታወቂያ፣
አንዱ ከማሠልጠኛ ቤት ተደብቆ የተባዛ፣
ፊደሉ የፈዘዘ፣ ወረቀቱ የወዛ፣
አንዱ ሲዲ ያለው፣ ማጫወቻው የጠፋ፣
አንዱ ሺህ ገጽ፣ እንደ ትራስ የሰፋ።

ሺህ ገጹን ሁሉም ይወደዋል፤
ክብደቱ እውቀት ይመስለዋል።
ጠርዙን ግን እዩት፦ እስከ ገጽ አርባ ጥቁር፣ ከዚያ ወዲያ ወተት።
አምስት ጊዜ ሸጥኩት፣ አምስት ጊዜ መለሱት።

ኬተኪ የመጣችው ማክሰኞ ማታ ነው፣
ከነነዳጅ ማደያ ዩኒፎርሟ፤ ሽታው ነው ቀድሟት የደረሰው።
ሦስት መቶ ሩፒ፣ ሳንቲሙ ሳይቀር ተቆጥሮ፤
ሺህ ገጹን አነሳች፣ ክንዷ ተወጥሮ።
«መቼ ታነቢያለሽ?» አልኳት። «ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
መኪና ሲጠፋ፣ እስከ አሥራ አንድ፤ እንቅልፍ ካልጣለኝ።»

ነጋዴ ነኝና ዝም ማለት ነበረብኝ፤
ምላሴ ቀደመኝ።
ከሳጥኑ ሥር ቀጭኑን አወጣሁ፤ ሽፋን የሌለው፣
የመልስ ገጾቹን አይጥ የበላው፣
ጠርዙ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰል።

ገለጠች። በየጥያቄው ዳር በእርሳስ፦ «አራት ደቂቃ»፣
«መብራት ሄደ»፣ «እንደገና»፣ «ደከመኝ፣ በቃ»፣
ዝቅ ብሎ ያው እጅ፦ «አልበቃም። ሰባት ደቂቃ።»

«ይህን ያጠቆረው ሰው አለፈ?» አለችኝ።
በሠላሳ አንድ ዓመት ይህችን ማንም አልጠየቀኝ።
«አላለፈችም» አልኩ፣ «ሁለቴ ሞክራ።
ልጄ ናት። ማንጁሻ። ዛሬ ሳታራ ናት፣ በወተት ማኅበር፣ ሒሳብ ሥራ።»
«ታዲያ ለኔ ለምን ትሸጥልኛለህ?»
መልስ ፈለግሁ።
የኔንም አይጥ በልቶታል።

«ስልሳ ሩፒ» አልኳት፤ ስታወርድ ስታወርድ በሠላሳ አምስት ወሰደች።
ንግዱንስ ማን ያስተምራታል፣ አልኩ በሆዴ፣ ድሮም ታውቃለች።

በሳምንቱ መጣች፣ ዐይኗ ደም መስሏል።
«አንዱ ቧንቧ በርሜሉን በስድስት ሰዓት ይሞላል፣
ሌላው የሞላውን በዘጠኝ ሰዓት ያፈሳል፤
ሁለቱም ቢከፈቱ በስንት ሰዓት ይሞላል?
አሥራ ስምንት አልኩ። ልክ ነኝ? ማን ይነግረኛል?»

እኔ ምን አውቄ! በኛ ሰፈር ውሃ
ከመጣም ንጋት ላይ ነው፤ ሌላው ጊዜ በረሃ።
ሳታራ ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አደረግሁ፣
ስልኩን ከመጻሕፍቱ ክምር አናት አኖርኩ።

ከወዲያ የወተት ጣሳ ይንኳኳል።
«ያን መጽሐፌን ሸጥከው?» አለች። «በስንት?»
«በሠላሳ አምስት።»
«ከስረሃል።»
ቆየት ብላ፦ «ቧንቧው... ገጽ መቶ ዘጠና ነው።
አሥራ አምስት ብዬ ነበር፤ ስድስትና ዘጠኝን ደምሬ እንደ ሞኝ።
አሥራ ስምንት ነው። ንገራት።»
መንገር አላስፈለገኝም፤ ኬተኪ ስልኩ ላይ ተደፍታ
«ገጽ ሁለት መቶ ሦስትስ?» አለች፣ ሰላምታውን ረስታ።

ሺህ ገጹን ትናንት ሌላ ልጅ ወሰደው።
ምንም አላልኩም። የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ጊዜው ደርሶ ነው።

ፈተናው እሁድ ነው።
ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ለልጄ ደወልኩላት።
ተይዟል።
ትንሽ ቆይቼ ሞከርኩ።
ተይዟል።