የአንዲት ፊደል እግር

ቢሮው ቆርቆሮ ሰጠኝ፣ አንድ ጣሳ ቢጫ ቀለም፤
«ስሙን ጽፈህ ትከል» አለኝ፣ «ሌላ ሥራ የለብህም።»
ሂሳቤ በፊደል ነው፤ ተራራው ደግሞ ሦስት ፊደል፤
ለዚች ብዬ ከባሕር ዳር፣ ጣና ሲንጠኝ፣ ጀልባው ሲዋልል።

ቆየኝ።
ካርታው ላይ እንዲህ ነው፣ በቀጭን ብዕር የሰፈረ፤
ካርታ ሠሪው በአንድ ሐምሌ በበቅሎ መጥቶ ነበረ፤
ጉም ጫፉን ስለሸፈነው ከሥር ሆኖ የጠየቀ፣
የሰማውን የጻፈ፣ ሳይወጣም የራቀ።

ደንገል የሚያስሩት እንድሪስ ታንኳቸውን ገልብጠው
«ልክ ነው» አሉኝ፣ «ቆየኝ ነው፤ ወንድ ነው የተጠራው።
የአያቴ እናት ናት የጮኸች፣ ከጫፉ ላይ ቆማ፣
ባሏ ወደ ማዶ ሲቀዝፍ፣ ሌሊት፣ በጨለማ።
አንዳንዱ ደግሞ ጥሪ አይደለም ይላል፤ የሆነ ነው፣ ያለፈ፤
ቆየኝ፣ ጠበቀኝ ማለቷ ነው።
እንግዲህ ማን ያውቃል፤ ውኃ እንደሁ ድምፅ ያጠፋል፣
ግማሹን ለዚህ ዳር፣ ግማሹን ለዚያ ያካፍላል።»

ሦስት መንገድ አለው ተራራው። በደንገሉ በኩል ያለው
ጭቃ ነው፤ ጉማሬ የረገጠው።
አዲሱን ቢሮው አስጠርጎ ድንጋዩን ኖራ አስቀብቷል፤
ቦርሳ ያዘለ እንግዳ በሱ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወርዳል።
ሦስተኛው ግን ከሁሉ ቀድሞ በተረከዝ የተጻፈ፣
የእንጨት ለቃሚ ሴቶችን ጀርባ ስንት ዘመን ያሳለፈ።

ቆርቆሮዬን ተከልኩና አደርኩ። ጧት ብመለስ
«የ» እግር አብቅላለች!
ትንሽ ጭረት፣ በከሰል፣ ወደ ቀኝ የተዘረጋች።
«ቆዪኝ» ይላል።
በጨርቅ ጠረግሁት። በማግስቱ ደግማ በቀለች።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጠብቄ ያዝኳት፤ አንጓች ናት፤
ገመዷን እንዳነገተች፤ ምንም አላስደነገጣት።
«እኔ እናቴን፣ እናቴ እኅቷን፣ እኅቷ የጎረቤት ልጅ፣
ያቺ ዳገት ላይ ስንደርስ ‹ቆዪኝ› ስንል ኖርን እንጂ
የታንኳውን ባል ማን አየው? ቆርቆሮህ ከሥር ቆሟል፤
ስሙ ያለው ላይ ነው። ና።»

ተከተልኳት። ከዋንዛው ጥላ ወዲያ ፀሐዩ በረታ፣
ጠጠሩ ከጫማዬ ሥር ይሸሻል፣ እየተንሸራተተ።
ከኋላዬ ጣና ሰፋ፣ ባሕር ዳር ጠበበች፣
የዘንባባዋ ረድፍ እንደ ጭረት ቀጠነች።
ስድሳ ዓመቷ ነው ሴትዮዋ፤
ጭራሽ ታዜማለች፣ በአፍንጫዋ።
አንድ መታጠፊያ፣ ሁለት፤ ሦስተኛው ላይ ጉልበት ከዳኝ፣
ትንፋሼ ቁርጥ አለና፣ ሳላስበው፣ ወጣኝ፦
«ቆዪኝ!»

ዞር አለች። አልሳቀችም።
ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ቢሮው ሦስት ፊደል ቆጥሮ የሦስት ፊደል ከፈለኝ፤
ስለ ከሰሉ አልነገርኩም፣ እነሱም አልጠየቁኝ።
ቀለም አልደረብኩበትም። ሐምሌ ሲመጣ ይታጠባል፣
ክረምቱን ለእንድሪስ ይሆናል።
መስከረም ጠብቶ እንጨቱ ሲደርቅ፣
ሴቶቹ ገመድ ሲያነግቱ፣
ያቺ እግር ደግሞ ትበቅላለች።