የማይታጠበው ሸሚዝ

ሙሐረቅ ነው፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
የሉል ነጋዴ ቤት ነበር፣ ዛሬ በትኬት የሚገባ።
በሩ ላይ «ሸማል» ይላል፣ የሰሜን ነፋስ ማለት፤
አራት ጎረምሶች ናቸው፣ ሮክ የሚሉትን እሳት
ከነዳጅ ካምፑ ሬዲዮ ሰርቀው እዚህ ጓሮ ያነደዱት።
ከኩዌት እስከ ሙስካት ልጃገረድ ያስለቀሱ፣
አሥራ አንድ ዓመት ነግሠው፣ እንደ ስማቸው የነፈሱ።

እኔ አልሰማኋቸውም።
እኔ የምወለውላቸው ነኝ።

በየማለዳው ከቁጥር አንድ እስከ አርባ ሁለት እዞራለሁ፤
ክሩ የተበጠሰ ጊታር፣ ጥርስ ያረፈበት የከበሮ ዱላ፣
ያልተከፈለ የሆቴል ሒሳብ፣ የሻርጃ፣
ለአራት ሰው የአሥራ ሁለት ሰው ዓሣና ሩዝ፣ ሌላም ሌላ።
ዕዳም መስታወት ሲለብስ ያምራል ለካ!
የኔው የደላላ ዕዳ ግን፣ ስከፍለው ኖሬ አልረካ።

ቁጥር ዘጠኝ ሸሚዙ ነው።
ነጭ ነበር ይሉታል። ብብቱ ሥር ቢጫ ደሴት፣
አንገትጌው ላይ የጨው መስመር፣ ባሕር ሲሸሽ እንደሚተወው።
ሐምሌ ነበር አሉ፣ ስታዲየም፣ ለመድረኩ ሙሉ አንድ ማራገቢያ፤
ያን ሌሊት የወረደው ላብ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።
ሥራ በጀመርኩ ቀን ሳሙና ይዤ ስጠጋ ቪኖድ ጮኸ፦
«እድፉን እንዳትነኪ!
ሸሚዙማ ሁለት ዲናር ነው። ውዱ እድፉ ነው።»
ሳቄ መጣ።
ሪፋ በነበርኩበት ቤት፣ ለአንዲት የአንገትጌ ነጥብ
የግማሽ ወር ደመወዜን ቆርጠዋል።
እድፍም ለካ እንደ ሰዉ ነው።

ደረቴ ላይ «ኑራ» ይላል።
ስሜ ዝናሽ ነው። የቅጥሩ ዕለት ቪኖድ «ዝና» ብሎ ሊያሳጥረው ሲል
ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች፣
«በዓረብኛ እኮ ዝሙት ነው!»
እናቴ ዝና ብትለኝ፣ ባሕር ስሻገር ነውር ሆነ፤
በዝና ቤት ተቀጥሬ፣ የኔው ዝና ተከደነ።

ባለፈው ሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ ድመቷም በጥላ ስትተኛ፣
አንድ ሽማግሌ ገባ። ጥቁር፣ ረጅም፣ በግራ እግሩ የሚያነክስ፣
ትኬቱን በሳንቲም ቆጥሮ የከፈለ።
ፎቶዎቹን አላየም። ጊታሩን አለፈው።
ቁጥር ዘጠኝ ጋ ሲደርስ ቆመ፤
ብዙ ቆመ።
ከዚያ በአሥር ጣቱ መስታወቱን
ድም፣ ድድም።
ድም፣ ድድም፣ ድም።
ማስጠንቀቂያው ይጮሃል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልጮኸም።
መስታወቱ ውስጥ ሸሚዙ
የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፣ ወይም የኤሲው ነፋስ ነው።

የተለጠፈው ጽሑፍ «የድምፃዊው ሸሚዝ» ይላል።
አንብቦ ፈገግ አለ፤ ሁለት ጥርስ ቀርቶታል።
«ድምፃዊውማ አያልበውም ነበር፤
ማራገቢያው ወደሱ ነበር የሚዞረው።»
ለማን ልንገር? ብዬ አሰብኩ። ለቪኖድ? ለጌታው ለጃሲም?
ሠላሳ ሺህ ዲናር የተገዛ ተረት ነው፣
በጽዳት ሠራተኛ ቃል አይታረምም።
«ስምህ ማን ነው?»
«ሳልሚን።» ዓይኑን ወደ ደረቴ ሰደደ፦ «አንቺ ኑራ ነሽ?»
«አይደለሁም» አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ፤ ጨርሶ የገባው ይመስል።
ሌላ አልተጠያየቅንም።

ሲወጣ አሥር ጣት መስታወቱ ላይ ቀርቷል፣
ወዛም፣ ክብ ክብ፣ የሣንቲም ያህል።
ጨርቄን አነሳሁ።
መለስኩት።

በማግስቱ ቪኖድ፦ «ዘጠኝ ቁጥር ቆሽሿል!»
«እድፉን አትንኪ አላልከኝም?»
አልሳቀም። ራሱ ጨርቅ አመጣ።
እጄን አጣምሬ አየሁት፤
እስኪጨርስ፣ እሱንም ትንሽ አላበው፣
በእጅጌው ጠረገው።