የቀድሞዋ ስም

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጀህራ፣ ሐምሌ ወር፤
ድስት ፈትጌ ጨርሼ፣ ጎኔን ላሳርፍ ስሞክር፣
ፈሃድ መጣ በባዶ እግሩ፣ ዓይኑ እንባ አዝሎ፤
“ሊንዳ፣ ኮምፒውተሬ ሞተ፣ ጠቆረብኝ” ብሎ።

ሊንዳ እኔ አይደለሁም፤ ከእኔ በፊት የነበረች ናት፤
እሷ ማኒላ ገብታለች፣ ስሟ ቀርቷል እዚህ ቤት።
ነጠላ ጫማዋም ቀርቷል፤ ይጠበኛል፤
ግን አደርገዋለሁ።

አጎቱ የገጠመለት ካርድ፣ ማራገቢያው ሁለት፣
ሳምንት ሳይሞላው ጀመረው መሞት መነሣት።
ሲከፍቱት ደህና ነው፤ ጨዋታው ሲግል ግን
ብልጭ፣ ድርግም፣ ከዚያ ጥቁር ድፍን።
አንዳንዴ ሰማያዊ ገጽ ያዘነ ፊት ይሥላል፤
እንደገና ያስነሡታል፤ እንደገና ይወድቃል።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም በዚህ ቤት፣ ኮምቦልቻ
ሃርድዌር ተምሬ ሲኦሲ ማለፌን፤ ሥራዬ ማጠብ ብቻ።

“ችግሩ ድራይቨሩ ነው” አልኩት በሹክሹክታ፤
“ረፊቅ ምን አጠፋ?” አለኝ፣ ሾፌራቸውን አስቦ ላፍታ።
ሳቄን በሻሼ አፈንኩት፣ ማዳም እንዳትነቃ።

የድሮውን ካርድ ነቅለዋል፤ የድሮው ካርድ ነገር
ግን አልወጣም ከውስጥ፤ ተቀምጧል እንደ ባለአገር።
ማሽኑ አዲሱን እያየ በአሮጌው ስም ይጠራዋል፤
የማይችለውን ያዘዋል፤ የሚችለውን ይነፍገዋል፤
እሱም ችሎ ችሎ ሲበቃው ዝም ይላል።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ቆመ።

ልኩን ድራይቨር በእህቱ ላፕቶፕ አውርደን በፍላሽ፣
ኢንተርኔቱን ነቀልኩት፤ የራሱን ጭኖ እንዳያበላሽ።
በሴፍ ሞድ አስነሣሁት፤ መልኩ ገረጣ፣ ፊደሉ ገዘፈ፤
የድሮውን ከነሥሩ ስጠርግ ግማሽ ሰዓት አለፈ።
ከዚያ አዲሱን ጫንኩ። ሰማንያ ሁለት ከመቶ ላይ
ቀጥ አለ። ፈሃድ ጥፍሩን በላ፤ እኔ ወደ ላይ
አንጋጥጬ ኤሲው ሲያንጠባጥብ ቆጠርኩ።
ዓይኔን ስመልስ መቶ ሆኗል።

ተነሣ። በዝርዝሩ ላይ ካርዱ በገዛ ስሙ፣
ከነቁጥሩ፣ ተጽፎ ቆሟል፤ ተመልሷል ቀለሙ።
ልጁ ፈረሱን ጋለበ፤ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ፤ አልወደቀም።
“ሹክራን፣ ሊንዳ” አለኝ።
“ሊንዳ አይደለሁም።”
“ታዲያ ማን ነሽ?”
“ይመኙሻል።”

“ይመ…” አለ፤ “ኙ” ላይ ሲደርስ ምላሱ ተሰናከለ፤
በቋንቋቸው ፊደሉ የለም።
እንደገና አስጀመርኩት።