መጭ

ሙሄ ይዞልኝ መጣ፣ ከጦሳ ተራራ ጀርባ፣
ሆጤ ድረስ ተሸክሞ፣ አንድ እቅፍ ቢጫ አበባ።
«አደይ ነው እትዬ፤ ጤዛው እንኳ አልደረቀ።»
መሃሉን በምላጭ ስሰነጥቅ፣ ያመዋል ብሎ ተጨነቀ።

አንድ ያልነው አበባ፣ መንደር ነው ለካ፤
እንደ ሰኞ ገበያ ሰው፣ ትከሻው የተነካካ።
አጉሊ መነጽሬን ሰጠሁት።
«እየው፤ አደይ ቢሆን፣ ከየፍሬው አናት ሁለት ቀንድ ይወጣ ነበር፤
ይኼኛው መላጣ ነው፤ ጠጉሩ የወረደው ከቱቦው ሥር።
መጭ ነው ልጄ፣ የኑግ ዘር፤
በቢጫው ብቻ ማን ይመሰክር?»

ዝም አለ።
ግማሹን አበባ በጥፍሩ ይዞ፣ አገላብጦ አየው።
«ለእማዬም ከዚሁ ሰጥቻታለሁ» አለኝ፤ «የእሷን አትክፈቺው።»