አርያኖ

ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣
እኔና ዴትሌፍ በጠፍጣፋ ጀልባ፣ ቦዩን ለማጽዳት፣
ሃምቡርግ የጣለችውን ስንለቅም በመረብ፣
ጫማ፣ ጠርሙስ፣ ጃንጥላ፣ የሰው ሌሊት ሲነበብ፣
ከልብስ አጣቢው ፋብሪካ፣ ሙቅ ውሃ ከሚተፋበት፣
የሰመጠ ብስክሌት አለ፣ መሪው ብቻ የሚታይበት፤
እዚያ ላይ ተጋድሞ
ግንድ መስሎኝ ነበረ።
ግንዱ ምላስ አወጣ፤ ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ አየሩን መረመረ።

ዴትሌፍ መንጠቆውን እንደ ጦር አነሳ፤
«አዞ!» ብሎ ጮኸ፤ ሠላሳ ዓመት ውሃ ላይ ኖሮ
ዋና መቻሉን ረሳ።

እኔ ግን አወቅሁት፤ ባሮ ዳር ነው ያደግሁት።
«አዞስ አይደለም» አልኩት፤
ስሙን በጀርመንኛ ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ አጣሁት።
በጓንቴ ጭቃ፣ የጀልባው ጠርዝ ላይ፣ «አርጃኖ» ብዬ በላቲን ጻፍኩለት፤
የኛ «ጀ» ለእነሱ «የ» ነው፤
«አርያኖ?» አለ። «ጣልያናዊ ነው?»

እናቴ ጫጩት ሲጎድልባት የምትረግመው ይህን ነበር፤
የአዞ እንቁላል ሰርቆ በልቶ፣ እዚያው በእናቲቱ ሰፈር የሚያድር።
አንገቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ጭራው ከመቅዘፊያችን የረዘመ፣
ዓይኑ የባለ ሱቅ ዓይን፣ ዱቤ ቆጥሮ የደከመ።

ማን ጣለው? ማን ያውቃል።
አንዱ ኪራይ ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን፣ በጣት ልክ ገዝቶት፣
ክንድ ሲያህል፣ ከክንድም ሲያልፍ፣ ሣጥኑም ቤቱም ጠብበውበት፣
በሌሊት፣ ከድልድይ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ
(ይቅርታ ብሎት ይሆናል)
ለቀቀው።

አልተናገርንም። እንዲሁ፣ ሳንማከር።
ዴትሌፍ ከሚስቱ ተደብቆ ቅቅል እንቁላል ማምጣት ጀመረ፤
አንድ ለራሱ፣ አንድ ለአርያኖ፣ ሁሌ ሁለት ነበረ።
ከሰገነቷ ያየችው ወይዘሮ ቪብከ ደውላ፣
እሳት አደጋዎች መጡ በቀይ ጀልባ፣ ከቀትር በኋላ።
ዋሽቶ የማያውቀው ዴትሌፍ፣ ጣቱን ወደ ኤልበ ወንዝ ቀስሮ፣
«በዚያ ሄደ፤ ፍጠኑ» አላቸው፣ እስከ ጆሮው አፍሮ።

ጥቅምት ገባ።
«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ያገሬ ሰው ብርድ ሲጠና፤
ተርጉሜ ብነግረው፣ በማግስቱ የዶሮ እግር ይዞ መጣና
ብስክሌቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀን።
ፋብሪካው ተዘግቷል። ቱቦው ደርቋል።
መሪው ላይ ውርጭ፤ ቦዩ እንደ ስልባቦት ጭጋግ ለብሷል።

ምንም ሳንነጋገር ሞተሩን አስነስተን፣ ባለበት እንዲሞቅ ተውነው።
ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ
ከጀልባው ጎን ጥፍር ሲቧጥጥ ሰማነው።
ወጣ። አንድ እግር። ረጅም ዕረፍት። ሌላ እግር።
የሞተሩ ክዳን ላይ ሆዱን አነጠፈው፣
ዓመት ሙሉ ወረፋ ጠብቆ አሁን ገና አልጋ እንደደረሰው።
ዴትሌፍ፣ ያ «አዞ!» ባዩ፣
ብርቱካንማ ጃኬቱን አውልቆ ደረበለት።
እጁ ተንቀጠቀጠ። ከብርዱ ነው አልኩ። «ነው» አለ።

ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ።
ዝም ብል ውርጩ ይገድለዋል፤ ብናገር ያው ሣጥን ነው፤
ሣጥኑን መረጥኩለት። ማንም ዳኛ አልሾመኝ።

ቅጽ አላቸው። ባለቤት? ባዶ።
የመጣበት? «ከውሃ» ብዬ አስሞላሁ።
ስም የሚል መስመር አልነበረውም፤
ዴትሌፍ ግን ከፊርማው ጎን፣ በትንሹ፣ ሲጽፍ አየሁ።

ሰኞ፣ ቱቦው ጋ ስንደርስ፣
ብስክሌቱን እንዳይነካ ዛሬም ዞር አለ፣ በቀስታ፣ ቀስ።
ከኪሱ ሁለት እንቁላል አወጣ። አያቸው።
አንዱን ልጦ ሰጠኝ።
ጨው አልያዘም ነበር።